ሕጉ ይሉኝታ አያውቅም

«ጓደኛዬን ‹ለብድሩ ፈርምልኝ› ብዬ እንዴት እጠይቀዋለሁ?»

ሕግ የተማረ ሰው በየሠርጉና በየለቅሶው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፡፡ ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልስ ፈልጎ አይደለም፤ «እውነትክን ነው፣ እንዴት ይጠየቃል!» እንዲባልለት ነው፡፡ የሚጠይቀውም በአብዛኛው ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ ነው፡፡ ጥያቄው አሮጌ ነው፡፡ ሆኖም ወዳጅነታችን ወደ ስልክ መስኮት ከገባ ወዲህ መልኩን ቀይሯል፡፡ ገንዘቡ በሁለት ደቂቃ ይደርሳል፤ የላክንለትን ወዳጅ ግን በአካል ካየነው አሥር ዓመት ሊሆነን ይችላል፡፡ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» እንባባላለን፣ የልጆቻችንን የምርቃት ፎቶ እናያለን፣ ሰው ሲሞት «ነፍስ ይማር» እንጽፋለን፡፡ ታዲያ አንድ ቀን ያው ሰው ለብቻችን መጥቶ «ቸግሮኛል» ይላል፡፡

በቅድሚያ ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2472 የደነገገውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው፡፡ የብድሩ ገንዘብ ከአምስት መቶ ብር በላይ ከሆነ፣ ብድር መኖሩ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል፣ ወይም እዚያው በሚፈጸም መሐላ ብቻ ነው፡፡ ምስክር አይሰማም፡፡ ሃያ ሰው ተሰልፎ «አዎ፣ ሲሰጠው በዓይናችን አይተናል» ቢል ዳኛው አይቀበለውም፡፡ ያው አንቀጽ ይህ ደንብ ገንዘብ ሲመለስም እንደሚሠራ ይናገራል፡፡ እንግዲህ ወረቀት የሚያስፈልገው አበዳሪውን ብቻ አይደለም ማለት ነው፡፡ ዕዳውን በእጁ ቆጥሮ የመለሰና ደረሰኝ ያልያዘ ተበዳሪም የመክፈል ግዴታ ሁለተኛ ሊመጣበት ይችላል፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፡፡ ሕጉ ያለ ወረቀት የተደረገ ብድር ፈራሽ ነው አላለም፡፡ ያለ ወረቀት የተሰጠ መቶ ሺሕ ብር ብድር ነው፤ ዕዳውም አለ፡፡ የጎደለው ማስረጃ ነው፡፡ ስለዚህ ተበዳሪው ሐቀኛ ሆኖ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አዎ፣ ተበድሬያለሁ» ካለ ነገሩ አለቀ፡፡ ዝም ካለ ወይም ከካደ ግን ሃቅ ይዞ ባዶ እጅ መመለስ ይመጣል፡፡ በችሎት ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ የሰው ፊት ሲጠቁር ያየሁት እንደዚህ ዓይነት መዝገብ ላይ ነው፡፡ ተከሳሹ አብሮ አደግ ይሆናል፣ ጉዳዩም እውነት ይሆናል፣ ክሱ ግን ይወድቃል፡፡

አምስት መቶ ብር ከየት መጣ? ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፡፡ በሕጉ ጊዜ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ስለነበር አምስት መቶ ብር ወደ ሁለት መቶ ዶላር ይጠጋል፡፡ በዚያን ዘመን ይህን ያህል ገንዘብ የሚያበድር ሰው ፀሐፊ ጠርቶ ቢያስጽፍ የሚያስገርም አልነበረም፡፡ ዛሬ አምስት መቶ ብር ከአምስት ዶላር በታች ነው፡፡ አንድ ወዳጅ ለሁለት ሰው ምሳ ከፍሎ «ነገ እሰጥሃለሁ» ቢባል፣ በሕጉ ቃል መሠረት ይህም ጽሑፍ ሊያስፈልገው ነው፡፡

የሐሳቡ ምንጭ የሆነችው ፈረንሳይ ምን እንዳደረገች ማየት ይጠቅማል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የናፖሊዮን ሕግ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ከ150 ፍራንክ በላይ ሲሆን ነው ይል ነበር፡፡ ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ከፍ ብሏል፡፡ አሁን መጠኑ የሚወሰነው በመንግሥት ደንብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ደንብ 1,500 ዩሮ ሆኗል፡፡ ገንዘቡ ዋጋ ባጣ ቁጥር ትልቁን ሕግ ሳይነኩ ቁጥሩን ማስተካከል ይቻላል፡፡ የእኛው አምስት መቶ ግን ሕጉ ውስጥ ተቀብሮ፣ ሦስት መንግሥት አልፎ፣ እስካሁን አለ፡፡ ቁጥሩ መሻሻል አለበት ባይ ነኝ፡፡ «ጭራሽ ይነሳ፣ ምስክር ይበቃል» የሚሉትን ግን አልደግፍም፡፡ የሐሰት ምስክር በቀላሉ በሚገኝበት አገር ውስጥ ይህ አንቀጽ ከብዙ ጥፋት ጠብቆናል፡፡

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ልዩነት ነው፡፡ የፈረንሳይ ሕግ ለጽሑፉ ግዴታ የተለዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፡፡ አንደኛው ሰነዱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የጠፋ እንደሆነ ነው፡፡ ሌላው በልማድ ጽሑፍ የማይደረግበት ጉዳይ ከሆነ ነው፡፡ ሦስተኛው ጽሑፍ መጠየቅ «በሞራል የማይቻል» በነበረ ጊዜ ነው፡፡ ፍርድ ቤቶቻቸው ይህን ሦስተኛውን እንደ ነገሩ ሁኔታ በዘመዳሞችና በጣም በሚቀራረቡ ሰዎች መካከል ሲቀበሉት ኖረዋል፡፡ ልጅ እናቱን «ፈርሚልኝ» ማለት አይችልም ነው ነገሩ፡፡ በአማርኛ ለዚህ አንዲት ቃል አለችን፤ ይሉኝታ፡፡ ፈረንሳዮች ቃሉ ሳይኖራቸው ነገሩን በሕግ አወቁለት፡፡ እኛ ቃሉ እያለን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2003 ለጽሑፍ ምትክ ምስክር የሚፈቅደው ሰነዱ የጠፋ፣ የተሰረቀ ወይም የተበላሸ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው፡፡ «አፍሬ ነው ያላስጻፍኩት» የሚል መከላከያ እዚያ የለም፡፡

ታዲያ አባቶቻችን ያለ ወረቀት እንዴት ተበዳድረው ኖሩ? የደጎሎን ነገር የማነሳው እዚህ ላይ ነው፡፡

ደጎሎ የደቡብ ወሎዋ ጃማ ወረዳ ከተማ ነች፡፡ ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል የጀማን ሸለቆ ተሻግራችሁ፣ ዓለም ከተማን አልፋችሁ ትደርሱባታላችሁ፡፡ አምባው ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ በክረምት ውሃ የሚያቁር፣ ስንዴና ጤፍ፣ ምስርም የሚያበቅል፡፡ እዚያ አገር ገበሬ ሳይበደር አይከርምም፡፡ አንድ በሬ ያለው ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ጉልበት በወንፈል ይበደራል፤ ዘር ለበልግ ወይም ለመኸር ከጎረቤት ይወሰዳል፡፡ ማንም አይፈርምም፡፡ ግን ይህ ያለ ማስረጃ የተደረገ ነገር ነው ብትሉ ትሳሳታላችሁ፡፡ በሬው ሲነዳ መንደሩ አይቷል፡፡ እህሉ ሲሰፈር ሴቶቹ ቆመው ነበር፡፡ ከሁሉ በላይ ደግሞ አበዳሪውም ተበዳሪውም የአንድ ቅሬ አባል ናቸው፡፡

ለአዲስ አበባ አንባቢ ላስረዳ፡፡ ቅሬ ወሎዬ ለእድር ያለው ስም ነው፡፡ ሥራው መቅበርና ማስተዛዘን ብቻ ቢመስልም፣ የቅሬው ዳኛ የሚባለው ሰው የመንደሩን ጠብ ይሰማል፣ ያስታርቃል፣ ይቀጣል፡፡ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ መቀመጣቸው በወሎ የተለመደ ነው፡፡ የቅሬው ትልቁ ቅጣት ገንዘብ አይደለም፤ ከቅሬ መውጣት ነው፡፡ ከቅሬ የወጣ ሰው ቤቱ ሰው ሲሞትበት ጉድጓድ የሚቆፍርለት፣ ቃሬዛ የሚሸከምለት ያጣል፡፡ የአምስት ቁና ጤፍ ዕዳ ክዶ እንዲህ ዓይነት ቅጣት ላይ የሚደርስ ሞኝ የለም፡፡ የአንቀጽ 2472 ወረቀት የሚሠራውን ሥራ እዚያ ቀብሩ ይሠራው ነበር፡፡

በወሎ ሌላም ነገር አለ፡፡ የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራህ ውስጥ ያለው 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ብድር ነው፡፡ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሮች እንዲቆሙ ያዛል፤ መጠኑ ትንሽ ነው ብሎ መሰላቸትንም አይፈቅድም፡፡ «ማስጻፍ አለመተማመን ነው» የሚለው አባባላችን ከሃይማኖት የመጣ እንዳይመስለን ብዬ ነው ያነሳሁት፡፡ ቃልን ከጽሑፍ ጋር አስተያይተው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉትም የእኛው ሰዎች ናቸው፡፡

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ፡፡ አንድ የደጎሎ ልጅ የሆነ ወዳጄ፣ ዕድሜው ከእኔ እኩል ነው፣ ከዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ በፊት በቴሌግራም የልጅነት የትምህርት ቤት ጓደኞቹን አገኘ፡፡ አርባ ያህል ናቸው፡፡ ግማሹ አዲስ አበባና ደሴ፣ ሌላው ጅዳ፣ ሌላው አሜሪካ፡፡ ሠላሳ ዓመት ያልተያዩ ሰዎች አንድ ገጽ ላይ ተገናኝተው የመምህሮቻቸውን ቅጽል ስም ሲጠራሩ ማየት ደስ ይላል፡፡ ከእነዚህ አንዱ ለብቻው ጻፈለት፡፡ ልጁ ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል፤ 45 ሺሕ ብር ቢያበድረው ለመስቀል ይመልሳል፡፡ (አንደኛው ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም ነው፡፡ ለመስቀል ብሎ የቀጠረው ሙስሊሙ ነው፡፡ ወሎ ነዋ!) ወዳጄ በዚያው ምሽት በባንኩ የሞባይል መተግበሪያ ላከለት፡፡ «ምክንያት» የሚለውን ቦታ ባዶ ተወው፡፡

መስቀል አለፈ፡፡ ሁለተኛው መስቀልም አለፈ፡፡ በመካከሉ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበርና አገር ቤት ያለውም አዲስ አበባ ያለውም ተጠፋፋ፡፡ መስመሩ ሲመለስ ወዳጄ አክብሮ ጠየቀ፡፡ የመጣለት መልስ «አንተ ለልጄ ያደረግክልኝን ውለታ ምን ጊዜም አልረሳውም» የሚል ነበር፡፡ ውለታ! ብድር ወደ ውለታ ተለወጠ፡፡ ወዳጄ የድሮውን የቴሌግራም ምልልስ ሊያወጣ ሲል ባዶ ሆኖ አገኘው፡፡

ይህን ያልሰማ ካለ ይስማ፡፡ ቴሌግራም ላይ በሁለት ሰዎች መካከል የተደረገ ንግግርን ከሁለቱ አንዱ ሲፈልግ ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እንዲህ ነው፡፡ የእናንተ ስልክ ውስጥ ያለ ደብዳቤ በሌላ ሰው እጅ ሊቀደድ ይችላል ማለት ነው፡፡

ወዳጄ እጁ ላይ የቀረው የባንክ ማስረጃ ነበር፡፡ ማስረጃው ገንዘቡ ከዚህ ሒሳብ ወደዚያ ሒሳብ መሻገሩን ይናገራል፤ ለምን እንደተሻገረ ግን አይናገርም፡፡ ብድር ሊሆን ይችላል፣ ስጦታ ሊሆን ይችላል፣ የቆየ ዕዳ መክፈል ሊሆን ይችላል፡፡ ባዶ የተተወችው «ምክንያት» የምትባለው ቦታ ዋጋዋ እዚህ ላይ ነው፡፡ «ብድር» የሚሉ ሦስት ፊደሎች ተጽፈውባት ቢሆን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር፡፡ በራሷ የላኪው ቃል ብቻ ናት፣ የተቀባዩ አይደለችም፤ ሆኖም ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም ያለን ሰው «ስጦታ መስሎኝ ነበር» እንዳይል ታስቸግረዋለች፡፡

ክስ አላስመሠረትኩትም፡፡ ደጎሎ ወዳሉት ሽማግሌዎች እንዲደውል መከርኩት፡፡ የተበዳሪው ወላጆች ቅሬ እስከ ዛሬ አለ፤ ዳኛውም አዛውንት ናቸው፡፡ እሳቸው ጅዳ ያለውን ሰውዬ ደውለው ያሉት አጭር ነው፤ «ልጄ፣ አባትህን የቀበርነው እኛ ነን፡፡ ያንን ሰው ገንዘብ ተበድረኸዋል ወይስ አልተበደርከውም?» «ተበድሬያለሁ፣ አባባ» አለ፡፡ በሦስት ጊዜ ለመክፈል ተስማማ፣ አሁን በጽሑፍ፡፡ እንዲህ ያለ መጨረሻ ግን የተገኘው ሁለቱም ከአንድ አምባ ስለሆኑና ቅሬው በሕይወት ስላለ ነው፡፡ ኢንተርኔት ላይ ካፈራናቸው ወዳጆች ስንቶቹ አባታቸውን የቀበረ የጋራ ሰው አለን? መንደር የሌለው ወዳጅነት ይሉኝታውን ከመንደር ወርሷል፤ ምስክሩን ግን አልወረሰም፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? አዲስ ነገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል፡፡ ሕግ «በጽሑፍ» ሲልም ተመልሶ ሊነበብ የሚችል የኤሌክትሮኒክ መልእክት እንዲበቃ መንገድ ከፍቷል፡፡ እንግዲህ የስልክ መልእክት ወግ ያለው ማስረጃ የመሆን ዕድል አለው፡፡ የሚቀረው ክርክር «ይህን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» የሚለው ነው፡፡ ለዚህ ቁጥሩ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ገንዘቡም ወደዚያው ሰው መሄዱ ተያይዞ ይታያል፡፡ ቢቻል ተራውን የስልክ ጽሑፍ መልእክት ተጠቀሙ፤ ያንን ሌላ ሰው ከስልካችሁ አያጠፋውም፡፡ ቴሌግራም ከሆነ ደግሞ ምልልሱን በዚያው ቀን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፡፡

አጻጻፉስ? ብዙ ሰው ውል የሚመስል ነገር መጻፍ ያለበት እየመሰለው ነው የሚያፍረው፡፡ እኛ እኮ ገንዘብ ስንልክ «ደረሰህ?» ማለት ልማዳችን ነው፡፡ እንዲህ ብላችሁ ላኩ፤ «ወንድሜ፣ ዛሬ 45 ሺሕ ብር ልኬልሃለሁ፤ እንደተነጋገርነው ብድሩን ለመስቀል ትመልስልኛለህ፡፡ ሲደርስህ አሳውቀኝ፣ እግዚአብሔር ልጁን ይማርልህ፡፡» ጨዋ ወዳጅ ምን ብሎ ይመልሳል? «ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ለመስቀል እመልሳለሁ፡፡» በቃ፡፡ መጠኑ፣ ብድር መሆኑ፣ ቀኑና የተበዳሪው ቃል ሁሉም አለ፡፡ ማንም አልተዋረደም፡፡ ቀን መቁረጥ ቢያሳፍራችሁ እንኳ ሕጉ መውጫ አለው፤ የመመለሻ ቀን ያልተወሰነለት ብድር አበዳሪው ከጠየቀበት ጊዜ ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ መከፈል አለበት፡፡ ወለድም ካልተስማማችሁበት አይታሰብም፡፡

የከተማው አንባቢዬ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሌላ ሰው አለ፤ የትዳር ጓደኛ፡፡ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ከአምስት መቶ ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደርም ሆነ በዚያ መጠን ዋስ ለመሆን የባልና የሚስት ሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል፡፡ (እዚህም ያው አምስት መቶ!) ሌላኛው ወገን ያለ እሱ ወይም ያለ እሷ ፈቃድ የተደረገውን ካወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ግዴታው ከተገባ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል፡፡ ማታ አልጋ ላይ ሆነው ለማያውቋት የድሮ ክፍል ጓደኛ ገንዘብ የሚልኩ ባሎች፣ እንደዚሁም ሚስቶች፣ ይህን ቢያነቡት መልካም ነው፡፡ በአማራ ክልል ራሱን የቻለ የቤተሰብ ሕግ ስላለ ደጎሎና መካነ ሰላም ያሉ ሰዎች የሚዳኙት በዚያ ነው፡፡

ዋስትናን ካነሳሁ አይቀር፣ ወዳጅ ከብድር ይልቅ ዋስ ሁነኝ ሲል የበለጠ ይቀለናል፤ ከኪሳችን ለጊዜው ምንም አይወጣምና፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን እዚህ ላይ ከብድሩም ጠንከር ይላል፡፡ ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ጽሑፉም የሚገደዱበትን ሰዎች ፊርማና የሁለት ምስክሮችን ማረጋገጫ ይፈልጋል፡፡ በብድር ላይ ጽሑፉ የማስረጃ ጉዳይ ነበር፤ በዋስትና ላይ ግን ያለ እሱ ዋስትናው ራሱ የለም፡፡ ከዚህም በላይ አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚገደድበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል፡፡ ስለዚህ አንድ አበዳሪ ከጓደኛችሁ ጋር ሲከራከር እናንተ መካከል ገብታችሁ በስልክ «ለእሱማ ምንም ይምጣ ምን፣ ያለ ገደብ እኔ አለሁለት» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ወዳጃችሁ አንብቦት ሊያለቅስ ይችላል፤ አበዳሪው ግን በዚህ ጽሑፍ አንድ ብር አይጠይቃችሁም፡፡